ርዕሰ መምህር ለመሆን የትምህርት አመራር ማስተርስ መማር ያዋጣል?

የፊዚክስ መምህር፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ላለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ የዲፓርትመንት ኃላፊ ነኝ። ርዕሰ መምህራችን በቅርቡ ጡረታ ይወጣሉ፤ ምክትላቸው ቦታውን ሲይዙ የምክትልነቱ ወንበር ክፍት ይሆናል። ባልደረቦቼ «አንተ ግባበት» እያሉኝ ነው። እኔም ልቤ ፈቅዷል። ግን ባዶ እጄን መግባት አልፈልግም።

ማስተርስ መማሬ አይቀርም፤ ያልወሰንኩት ምን እንደምማር ነው። አንደኛው ሐሳብ የትምህርት አመራር ነው። ሁለተኛው በራሴ በፊዚክስ መቀጠል ነው፤ እሱን ከልቤ እወደዋለሁ። ሦስተኛው ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን ነው። «አመራር ያው አመራር ነው፣ ነገ ከትምህርት ቤት ብትወጣም ያገለግልሃል» የሚሉኝ ሰዎች አሉ።

የትምህርት አመራሩን የኮርስ ዝርዝር አየሁት። የአስተዳደር ንድፈ ሐሳብ፣ የትምህርት ሕግና ፖሊሲ፣ ፋይናንስ፣ የሰው ኃይል፣ ሥርዓተ ትምህርት፣ ሱፐርቪዥን፣ የምርምር ዘዴ፣ መጨረሻ ላይ ቴሲስ። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ወረቀት ላይ የሚቀር መሰለኝ። ከማውቃቸው ጎበዝ ርዕሳነ መምህራን ይህ ዲግሪ የሌላቸው አሉ። ዲግሪውን ይዘው ከቢሮ የማይወጡም አሉ።

ከተማራችሁት መስማት የምፈልገው ይህን ነው። ተምራችሁ ስትመለሱ ሰኞ ጠዋት ከበፊቱ የተለየ ምን አደረጋችሁ? ወይስ የደረጃ እድገት ወረቀት ብቻ ነው? ፕሮግራም ስመርጥስ ምኑን ልይ?


ምክትሉ፦

እኔ ምክትል ሆኜ ከገባሁ በኋላ ነው የተማርኩት። ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽኑን ተወው። በጀት ማንበብና ሒሳብ መያዝ ይጠቅማል፣ አልክድም። ግን የምክትል ቀን የሚያልቀው በገንዘብ ጉዳይ አይደለም። የቀረ መምህር ክፍለ ጊዜ ማን ይሸፍን? የተደባደቡት ልጆች ወላጆች በር ላይ ቆመዋል፣ ማን ያነጋግራቸው? ፈተናው ነገ ነው፣ ያልተባዛው ወረቀት የማን ነው? እንዲህ እንዲህ እያለ ይመሻል።

ይህን የሚያስተምር ኮርስ አላየሁም። ሥራው ራሱ ነው ያስተማረኝ። ስለዚህ ምክሬ ቦታው ከተገኘ ግባ፣ ዲግሪው ይደርሳል።


የሰልፍ ደወል፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ልብ ውስጥ ገባ። ርዕሰ መምህርት ነኝ፤ ዲግሪውንም ተምሬዋለሁ። አሁን ደግሞ ለተግባር ልምምድ ወደ እኛ የሚላኩ ሠልጣኞችን እየተቀበልኩ አሠራለሁ። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ብጽፍልህ አትቀየመኝ።

ምክትላችን ከላይ ያለው ትክክል ነው፣ ጥናትም ይደግፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ክላርክ፣ ማርቶሬልና ሮኮፍ የተባሉ ተመራማሪዎች የኒው ዮርክ ከተማ ርዕሳነ መምህራንን መረጃ መርምረው ነበር። ርዕሰ መምህሩ የት እንደተማረና ምን ያህል እንደተማረ ከትምህርት ቤቱ ውጤት ጋር እምብዛም ሲገናኝ አላዩም። በርዕሰ መምህርነት ያሳለፈው ልምድ ግን ይገናኛል፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት።

ይህን ይዘህ ግን «ዲግሪው ከንቱ ነው» ብለህ አትነሣ። እስቲ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት አስባቸው። አዲሱ ርዕሰ መምህር ሥራውን እየለመደ ባለበት ጊዜ ልጆቹም ክፍል ውስጥ ናቸው። ያ ዓመት ለእነሱ አይመለስም። የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «ርዕሰ መምህራችን ገና እየለመዱ ስለሆነ ጠብቂ» አትባልም። ለእኔ የትምህርት አመራር ዲግሪ አንድ ትልቅ ሥራ አለው። ወንበሩ ላይ ተቀምጠህ የምትማረውን ከፊሉን ቀደም ብለህ፣ የሚያርምህ ሰው አጠገብህ እያለ እንድትማር ማድረግ ነው። ፕሮግራሙ ይህን ካደረገ ተማርበት። ካላደረገ ወረቀት ነው ያልከው ልክ ነህ።

ምኑን ነው አስቀድመህ የምትማረው? መምህር አጠገብ ተቀምጦ ስለ ማስተማር መነጋገርን። ቀላል ይመስላል፤ ከዚህ የከበደ ሥራ ግን እኔ አላየሁም። እ.ኤ.አ. በ2008 ቪቪያን ሮቢንሰንና ባልደረቦቿ በመሪዎች ሥራና በተማሪዎች ውጤት ላይ የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው መዘኗቸው። ከሁሉ የበለጠ ከተማሪ ውጤት ጋር ተያይዞ የተገኘው፣ መሪው የመምህራንን ሙያዊ ትምህርት ሲያበረታታና አብሮ ሲሳተፍ ነው። የግንኙነቱን ጥንካሬ የሚያሳየው ቁጥር (ከፍ ባለ መጠን ግንኙነቱ ይጠነክራል) 0.84 ነበር። ግብ ማስቀመጥ 0.42 ነው። ሥነ ሥርዓትና ደኅንነት ማስከበር 0.27። «አብሮ ሲሳተፍ» የምትለዋን ልብ በልልኝ። ሥልጠናውን ከፍቶ፣ ንግግር አድርጎ፣ «መልካም ሥልጠና» ብሎ የሚወጣውን አይደለም የምታወራው። ወንበር ስቦ ከመምህራኑ ጋር የሚቀመጠውን ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ግሪሶም፣ ሎብና ማስተር የማያሚ ትምህርት ቤቶችን አጥንተው ነበር። መቶ ገደማ ርዕሳነ መምህራንን ለሦስት የትምህርት ዓመታት እየተከተሉ ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚሠሩ መዘገቡ። መምህራንን በማሠልጠንና በማብቃት የሚያልፍ ጊዜ ከተማሪዎች መሻሻል ጋር አብሮ ሄደ። ክፍል ለክፍል ብቅ እያሉ መዞር ግን ተቃራኒው ታየበት፤ በተለይ ዙረቱ ለመምህራኑ እድገት በማይውልበት ትምህርት ቤት። ብዙዎቻችን «ንቁ ነኝ» የምንለው ኮሪደር ስለምንዞር ነው። መዞሩ ብቻውን አይበቃም። ከዙረቱ በኋላ ከመምህሩ ጋር ምን ተባባልን? እሱ ነው ነገሩ።

ሰኞ ጠዋት ምን ተለወጠ ብለሃል። በተግባር ልምምዴ ጊዜ ያየሁትን ልንገርህ።

የተመደብኩት አንዲት አንጋፋ ርዕሰ መምህርት ዘንድ ነበር። አንድ የባዮሎጂ መምህር ክፍል ልንገባ ነው። ከመግባታችን በፊት ስታፍ ሩም ውስጥ አስቀመጠችውና «ምን እንድናይልህ ትፈልጋለህ?» አለችው። እሱም አሰብ አደረገና «ጥያቄ ስጠይቅ ክፍሉ ዝም ይላል። ለምን እንደሆነ አልገባኝም» አለ። ፎርም የለም፣ ነጥብ የለም። ገባን። እሷ ወረቀት ላይ የወንበሮቹን አቀማመጥ ሣለች። መምህሩ በጠየቀ ቁጥር ጥያቄው የሄደበት ወንበር ላይ ጭረት ታደርጋለች። ከጎኑ ደግሞ መልስ እስኪመጣ ስንት ሰከንድ እንደጠበቀ ትጽፋለች። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ጭረቶቹ በሙሉ ማለት ይቻላል የፊት ረድፍ ላይ ተከማችተዋል። የሰከንዶቹ ዓምድ ላይ ደግሞ አንድ፣ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ የሚል ነው።

ከክፍል በኋላ «ጎበዝ ነህ፣ ግን...» ትለዋለች ብዬ ጠበቅሁ። አንድም ቃል አልወጣትም። ወረቀቱን ወደ እሱ አዞረችለትና ዝም አለች። እሱ ቆየት ብሎ አየውና «ለካ እኔው ጠይቄ እኔው ነኝ የምመልሰው» አለ። ከዚያ ምን እንደሚሞክር ራሱ ተናገረ። ከጠየቀ በኋላ በልቡ እስከ ሦስት ይቆጥራል፤ ከኋላ ረድፍም ይጀምራል። በሳምንቱ እዚያው ክፍል ተመልሰን ገባን። እሷ የማትዘለው ይህን ነው፤ ተመልሶ መግባትን።

እኔ ይህን ባየሁ ጊዜ የክፍሉ መጽሐፍ ሁሉ ሕይወት ዘራ። ያደረገችው ክሊኒካል ሱፐርቪዥን የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሞሪስ ኮጋንና ሮበርት ጎልድሃመር ያደራጁት አሠራር ነው፤ ቀድሞ መነጋገር፣ ማየት፣ ያዩትን መተንተን፣ እንደገና መነጋገር። ሰከንድ የቆጠረችውም ዝም ብላ አይደለም። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል ተመራማሪ መምህራን ጠይቀው በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ አሳይታለች። ወደ ሦስት ሰከንድ ከፍ ሲል የልጆቹ መልስ ይረዝማል፣ ዝም ይሉ የነበሩትም ይናገራሉ። ንድፈ ሐሳቡን ሳላውቅ ያንን ወረቀት ባየው ጭረት ብቻ ነበር የሚሆንብኝ። ወረቀቱን ሳላይ ንድፈ ሐሳቡን ባነብ ደግሞ ለፈተና የሸመደድኩት ሆኖ ይቀር ነበር። ሁለቱ ባንድ ጊዜ ሲገናኙ ነው ትምህርቱ የያዘኝ።

አሁን ሰኞ ጠዋት የማደርገው ይኸው ነው። የሳምንቱን ፕሮግራም ሳወጣ መጀመሪያ የማስገባው የክፍል ምልከታና ከምልከታው በኋላ ያለውን ንግግር ነው። ስብሰባው፣ ደብዳቤው፣ ሪፖርቱ የተረፈው ቦታ ላይ ይገባል።

ስለ ፊዚክሱ ደግሞ ልንገርህ። ፊዚክስህ አይጠፋም። ጥሩ መምህር የነበረ ርዕሰ መምህር ክፍል ሲገባ መምህራን ያውቁታል፣ ያከብሩታልም። ግን ማስተርስህን በፊዚክስ ብትይዝ ፊዚክስ የምታውቅ ርዕሰ መምህር ትሆናለህ፤ የቋንቋ መምህሯን ክፍል ገብተህ ምን እንደምታይ ግን አያስተምርህም።


የፊዚክስ መምህር፦

መምህርት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እንዲህ ጊዜዎን ሰጥተው ይጽፉልኛል ብዬ አልጠበቅሁም። ያ ወረቀት አሁን እኔንም እያሳሰበኝ ነው። ነገ ክፍል ስገባ ሰከንድ መቁጠሬ አይቀርም።

ሁለት ነገር ላስቸግርዎ። አንደኛ፣ ያገኘሁት ፕሮግራም በርቀት ነው። ሥራ ትቼ መማር አልችልም። በርቀት ይሆናል? ሁለተኛ፣ ቴሲሱ ያስፈራኛል። ርዕስ ከየት ይመጣል?


የሰልፍ ደወል፦

ይሆናል። ርቀቱ አይደለም ችግሩ። ንባቡንና ጽሑፉን በየትም ቦታ ሆነህ ትሠራዋለህ፤ እንዲያውም የራስህ ትምህርት ቤት ውስጥ እያለህ ማንበብህ ጥቅም አለው። ማታ ስለ ስብሰባ አመራር ታነባለህ፣ ጠዋት የዲፓርትመንትህን ስብሰባ ትመራለህ። የምትፈትሸው ሌላ ነገር ነው። የተግባር ልምምዱ የት ነው? ማን ነው የሚያሠራህ? ስብሰባ ስመራ፣ መምህር ሳነጋግር፣ ክፍለ ጊዜ ስደለድል ቁጭ ብሎ የሚያየኝና በኋላ የሚያነጋግረኝ ሰው አለ ወይ ብለህ ጠይቅ። «ልምምድ አለን» ብለው ፋይል ማደራጀትና ፈተና መቁጠር የሚያሠሩ አሉ። ያ ልምምድ አይደለም፣ ጉልበት መበዝበዝ ነው።

ሊንዳ ዳርሊንግ ሃመንድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2007 ጥሩ ስም ያላቸውን የርዕሰ መምህር ማሠልጠኛ ፕሮግራሞች አጥንተው ነበር። የሚመሳሰሉባቸው ነገሮች አሉ። ተማሪዎቹን መርጠው ይቀበላሉ፤ አመራር የሚችሉ ጎበዝ መምህራንን ራሳቸው ይፈልጋሉ። አብረው የገቡት በአንድ ቡድን ሆነው ይማራሉ። ኮርሱ ከማስተማር ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ልምምዱ ጠንካራ ነው፣ ልምድ ያለው ሰው ይከተላቸዋል። ርቀት ላይ የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ ቡድኑ ነው። ያንን ራስህ ፍጠረው። አብረውህ ከተመዘገቡት ጥቂቶቹን ፈልግና በየሳምንቱ ተደዋወሉ። እኔ ዛሬም ከባድ ነገር ሲገጥመኝ የምደውለው አብራኝ የተማረች ልጅ ጋ ነው። የርዕሰ መምህር ወንበር ብቸኛ ወንበር ነው። ለመምህራንህ የማትነግራቸው፣ ለአለቆችህም የማትነግራቸው ነገር ይኖራል። የሥራ እኩያ ያስፈልግሃል።

ወደ ቴሲሱ ልምጣ። አትፍራው። ርዕሱ እዚያው ትምህርት ቤትህ ውስጥ ተቀምጧል። አንተ የዲፓርትመንት ኃላፊ አይደለህ? የፈተና ውጤት እጅህ ላይ አለ። አንድ ዓይነት ፈተና ወስደው አንዱ ሴክሽን ለምን ከሌላው ወረደ? ሴቶቹ ላብራቶሪ ላይ ምን ይሠራሉ፣ መሣሪያውን ይነካሉ ወይስ ጸሐፊ ሆነው ይቀራሉ? የዲፓርትመንት ስብሰባችሁ ላይ ስለ ማስተማር የሚነሣው ምን ያህል ነው፣ ስለ ማስታወቂያና ስለ ቀን መቁጠሪያስ? እነዚህ ሁሉ ቴሲስ ይወጣቸዋል። «የአመራር ዘይቤ በመምህራን እርካታ ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል ርዕስ ይዘህ መጠይቅ በትነህ እንዳትመለስ እለምንሃለሁ። መደርደሪያው በእሱ ተሞልቷል፤ አንተም ስትጨርሰው ምንም ነገር አትለውጥበትም።

የድርጊት ምርምር የሚባለውን እይ። ችግሩን ታያለህ፣ አንድ ነገር ትሞክራለህ፣ የሆነውን ትመዘግባለህ፣ ታስተካክላለህ። ሐሳቡን በስም ያስጀመረው የሥነ ልቦና ምሁሩ ኩርት ሌዊን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ። ለአመራር ተማሪ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ላስጠንቅቅህ። ምክትል ከሆንክ በኋላ በራስህ መምህራን ላይ ስታጠና «እምቢ» ሊሉህ ይከብዳቸዋል። የፈቃድ ቅጹ ላይ ይፈርማሉ፣ ግን አለቃቸው ስለሆንክ ነው። ስለዚህ ቃለ መጠይቁን ሌላ ሰው ያድርግልህ፣ ወይም ስም የሌለበት ይሁን፣ ወይም ጥናቱን አለቃ በማትሆንበት ዲፓርትመንት አድርገው። ይህን ከአማካሪህ ጋር መጀመሪያ ቀን ተነጋገርበት።


ጠመኔ፦

ርዕሰ መምህር የመሆን ሐሳብ የለኝም፣ መምህርት ነኝ፤ በመምህር ዓይን አንድ ነገር ልበል።

ክፍሌ ገብተው ከኋላ ተቀምጠው፣ ፎርም ሞልተው፣ አስፈርመውኝ የሄዱ ኃላፊዎች ነበሩ። ፎርሙ ላይ «የትምህርት መርጃ ተጠቅማለች፦ አዎ»፣ «ሰዓት አክብራለች፦ አዎ» ይላል። ከዚያ ምንም የለም። ምን አየህ ብዬ የምጠይቀው ሰው የለም። አንዴ ግን አንዲት ምክትል ገብታ ስትወጣ «ያቺ በመስኮት በኩል የምትቀመጠው ልጅ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ደብተሯን አልከፈተችም፣ አይተሻታል?» አለችኝ። አላየኋትም ነበር። በማግስቱ ልጅቷን አነጋገርኳት፤ ሰሌዳው በደንብ አይታያትም። መነጽር ነው ችግሩ። ወንድሜ፣ ማስተርሱን የምትማር ከሆነ እንዲህ የሚያይ ዓይን የሚሰጥህን ተማር። ስለ አመራር ዘይቤ ዓይነቶች ስትነግረን ብንሰማህ ደስ ይለናል፤ ግን እኛ የምንፈልገው ያንን ዓይን ነው።


ምክትሉ፦

መምህርት ሰልፍ ደወል ስለ መጀመሪያዎቹ ዓመታት ያሉትን ደግሜ አነበብኩት። ልምድ ይበልጣል ማለቴን አልተውኩም፤ ግን ልምዱን በማን ልጆች ላይ እንደምናካብት አስቤ አላውቅም ነበር። አንድ ጥያቄ አለኝ። ምክትል ሆኖ ማስተማር ይቻላል? እኔ ትቻለሁ፣ ይናፍቀኛል።


የሰልፍ ደወል፦

ይቻላል፣ ግን በልክ። ትምህርት ቤቱ ትልቅ ከሆነና ምክትሉ አንተ ብቻ ከሆንክ አንድ ሴክሽን እንኳን ይከብዳል። መሐል ላይ እየተጠራህ የምትወጣ ከሆነ የምትጎዳቸው ልጆቹን ነው። እኔ ለራሴ ያገኘሁት መንገድ ሙሉ ሴክሽን መያዝ ሳይሆን ከአንድ መምህር ጋር አብሮ ማስተማር ነው። ትምህርቱን አብረን እናቅዳለን፣ አንዳንዱን ክፍል እኔ አስተምራለሁ፣ እሱ ያየኛል። ከዚያ እሱ ይተቸኛል። ይህን ሲያዩ ሌሎቹ መምህራን የእነሱን ክፍል ለማሳየት በሩን በቀላሉ ይከፍታሉ።

የፊዚክሱ ወንድሜ፣ አንተም ከመመዝገብህ በፊት አንድ ነገር አድርግ። ለፕሮግራሙ አስተባባሪ ደውልና ባለፈው ዓመት ከተመረቁት የሁለቱን ስልክ እንዲያገናኝህ ጠይቅ። ለእነሱ «ልምምድ ላይ ስትሠራ ቁጭ ብሎ ያየህ ማን ነው? ካየህ በኋላስ ምን ብሎ ነገረህ?» በላቸው። መልሳቸው ውስጥ አንድ የተወሰነ ቀን፣ አንድ የተወሰነ መምህር፣ አንድ የተባለ ነገር ካለ ተመዝገብ። «ጥሩ ነበር፣ ብዙ ተምረናል» ብቻ ካሉህ ሌላ ፕሮግራም ፈልግ።


የፊዚክስ መምህር፦

ነገውኑ እደውላለሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከዲፓርትመንቴ አንዷን ባልደረባ «ክፍልሽ ብገባ ምን እንዳይልሽ ትፈልጊያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። መጀመሪያ ደንገጥ አለች። ቆይታ ግን «ቡድን ሥራ ስሰጥ የሚሠራው ማን እንደሆነ እይልኝ» አለችኝ። ረቡዕ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ እገባለሁ። የወንበሮቹን አቀማመጥ ከአሁኑ ሣልኩት።